ከአንኮበር እስከ ኦሎምፒያ፦ ምድር ትከፈላለች ወይ የሚለው ክርክር

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት አዲስ አበባ ተወዛወዘች። በኦሎምፒያና በካዛንቺስ ፎቆች ላይ የተኛ ሰው አልጋው ሲንቀሳቀስ ነቃ፤ ብዙው በጋቢና በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ደረጃውን እየሮጠ ወረደ። የመንቀጥቀጡ መነሻ ከከተማዋ ወደ ምሥራቅ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ነበር፤ መጠኑም 5.7 ገደማ። ከስድስት ሳምንት በኋላ የካቲት 7 ማታ ደግሞ 6.0 የደረሰው መጣ። በፈንታሌ ዙሪያ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ከቀያቸው ተነሡ።

በዚያ ሰሞን በየካፌው፣ በየታክሲው፣ በየቢሮው ሁለት ጥያቄ ይመላለስ ነበር። አንደኛው "ሀገራችን እየተከፈለች ነው ወይ?" ሁለተኛው "ትልቁ የሚመጣው መቼ ነው?" ሰው ሁለቱን እንደ አንድ ጥያቄ ይጠይቃቸዋል፤ ነገር ግን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ግማሽ ምዕተ ዓመት የፈጀ የሳይንስ ክርክር ተደርጎበት መልስ አግኝቷል፤ ከምስክሮቹም አንዷ የእኛው ምድር ነበረች። ሁለተኛውን ግን እስከ ዛሬ የመለሰ በዓለም ላይ የለም። እነዚህ ሁለት ነገሮች ሲቀላቀሉ ባለሙያው የማያውቀውን እንዲናገር ይገደዳል፤ "አላውቅም" ሲል ደግሞ የሚያውቀውንም የሚያምነው ያጣል። ስለዚህ ለይቶ ማየቱ ይጠቅማል።

ክርክሩ የሚጀምረው ከአንድ ጀርመናዊ የአየር ጠባይ አጥኚ ነው። አልፍሬድ ቬገነር እ.ኤ.አ. በጥር 1912 ፍራንክፈርት ላይ ቆሞ አህጉራት በአንድ ወቅት የተያያዙ እንደነበሩና ቀስ በቀስ እንደተለያዩ ተናገረ፤ በ1915 ደግሞ ሐሳቡን በመጽሐፍ አወጣ። የአፍሪካና የደቡብ አሜሪካ ዳርቻ እንደ ተቀደደ ወረቀት መግጠሙን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙ የማይነገረው ቬገነር የእኛንም አካባቢ በካርታው ላይ ማየቱ ነው። ዓረቢያን ወደ አፍሪካ ገፍቶ ቀይ ባሕርን ሲዘጋው ሁሉም ልክክ ብሎ ገጠመ፤ አንድ ቦታ ብቻ አልገጥም አለው። የየመን ጥግ አፋር ላይ ይደረባል። ቬገነር ያንን በአንኮበር፣ በበርበራና በምፅዋ መካከል ያለውን ሦስት ማዕዘን መሬት አየና በወጣት ደለልና በገሞራ ድንጋይ የተሞላ መሆኑን አስተዋለ። ይህ መሬት ኋላ የመጣ ከሆነ፣ ከካርታው ላይ ቢነሣ ዓረቢያ በቦታዋ ትገባለች። አፋርን ያልረገጠ ሰው አፋር አዲስ ምድር ሊሆን እንደሚችል ከወረቀት ላይ አነበበ ማለት ነው። እኔን ይህ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ተቀባይ ግን አላገኘም። ያገደውም መሃይምነት ሳይሆን የዘመኑ ምርጥ ፊዚክስ ነው። እንግሊዛዊው ሃሮልድ ጄፍሪስ፣ በዘመኑ ስለ ምድር ውስጥ ከሱ በላይ የሚያውቅ ብዙ አልነበረም፣ ስሌቱን አስቀመጠ፦ ቬገነር አህጉርን ይገፋሉ ያላቸው ኃይሎች፣ የጨረቃና የፀሐይ ስበትም ሆነ የምድር መሽከርከር፣ ከሚፈለገው እጅግ ያንሳሉ። በስሌቱ ትክክል ነበር። የቬገነር ኃይሎች በእርግጥም አህጉርን አያንቀሳቅሱም። የጄፍሪስ ስሕተት "እነዚህ አይገፉትም" ከሚለው ተነሥቶ "ስለዚህ አልተንቀሳቀሰም" ወደሚለው መሻገሩ ላይ ነው። ሌላ ኃይል ሊኖር እንደሚችል አላሰበበትም። ቬገነር በ1930 ግሪንላንድ በረዶ ላይ በ50 ዓመቱ ሲሞት ሐሳቡ በብዙዎች ዘንድ የተናቀ ነበር። ጄፍሪስም በ1989 እስኪያርፍ ድረስ አልተቀበለውም።

ተመሳሳይ ነገር ከዚያ በፊትም ደርሶ ነበር። ታላቁ የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ኬልቪን ምድርን እንደሚቀዘቅዝ ጠጣር ኳስ ቆጥሮ ዕድሜዋ ከጥቂት አስር ሚሊዮን ዓመታት አይበልጥም ብሎ ነበር። የቀድሞ ረዳቱ ጆን ፔሪ በ1895 የምድር ውስጥ በዝግታ የሚፈስ ከሆነ ስሌቱ ሁሉ እንደሚለወጥ አሳየ፤ ሰሚ አጣ። ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ የጂኦሎጂ ሊቁ አርተር ሆምስ ያንኑ ውስጣዊ ፍሰት ለአህጉራት እንቅስቃሴ ሞተር አድርጎ አቀረበው። ከሥር የሞቀው አለት እንደ ገንፎ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ላይ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይሰምጣል፤ ጠጣር ሆኖ ሳለ በሚሊዮን ዓመታት ሚዛን ይፈስሳል። ዛሬ የምንይዘው ማብራሪያ በመሠረቱ ይኸው ነው፤ እየሰመጠ የሚሄደው የቀዘቀዘ የምድር ቅርፊት ንጣፍ ራሱ የቀረውን ጎትቶ እንደሚያስከትል የተጨመረበት።

ክርክሩን የዘጋው ማስረጃ ከባሕር ወለል ተገኘ። የምድር መግነጢስ በየዘመኑ አቅጣጫውን ይገለብጣል፤ አዲስ የፈሰሰ ገሞራ ሲቀዘቅዝ የወቅቱን አቅጣጫ እንደ ማኅተም ይዞ ይቀራል። ፍሬድ ቫይንና ድሩሞንድ ማቲውስ በ1963 ባወጡት ጽሑፍ ከውቅያኖስ መካከል ካለው የተራራ ሰንሰለት ግራና ቀኝ ያለው ወለል ባለ መስመር ጥለት እንደ ጥበብ ልብስ ሆኖ ለምን እንደሚገኝ አስረዱ፦ ወለሉ ከመካከል እየተወለደ ወደ ጎን ይሄዳል። ካናዳዊው ሎረንስ ሞርሊ ይህንኑ አስቀድሞ ጽፎ ለሁለት መጽሔቶች ልኮ ነበር፤ ሁለቱም መለሱበት። በ1967 እና 1968 ንድፈ ሐሳቡ ሙሉ ቅርጽ ያዘ። የምድር ቅርፊት በጥቂት ትላልቅ ንጣፎች የተከፋፈለ ነው፤ ንጣፎቹ ይራራቃሉ፣ ይጋጫሉ፣ ይፋተጋሉ።

በእነዚያው ዓመታት አዲስ አበባም ባዶ እጇን አልነበረችም። ለዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1957/58፣ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ካህን ፒየር ጉዋን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ አቋቋሙ። ምክንያቱ መንቀጥቀጥ አልነበረም። አዲስ አበባ የመግነጢስ ወገብ ከሚባለው መስመር አጠገብ ናት፤ በዚያ መስመር ላይ በከባቢ አየር ከፍታ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ፍሰት ለመለካት አመቺ ቦታ ነበረች። ለሰማይ የተተከለው ጣቢያ ወዲያው ምድርን ማዳመጥ ግድ ሆነበት። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈረሰ። በ1961 ዓ.ም. አፋር ውስጥ የሰርዶ ከተማ ወደመች። ጉዋን ከዜና መዋዕል፣ ከተጓዦች ማስታወሻና ከመሣሪያ መዝገብ የለቀሙትን የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመንቀጥቀጥ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አሳተሙ። ነሐሴ 1898 ዓ.ም. በአጼ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ያናወጠው ትልቅ መንቀጥቀጥ ዛሬ በመሐንዲሶች ስሌት ውስጥ የሚገባው በዚህ ሥራ ነው። ትዕግሥት የሚጠይቅ፣ ጭብጨባ የሌለው ሥራ፤ እኔ ከታላላቆቹ ግኝቶች ተርታ አኖረዋለሁ።

አፋር የገባው ቡድን ደግሞ ሌላ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የእሳተ ገሞራ አጥኚው ሃሩን ታዚየፍ ፈረንሳውያንና ጣሊያናውያን አጥኚዎችን ይዞ ኤርታሌንና ዳናክልን ዞረ። እነሱ ያዩት በየብስ ላይ የወጣ የውቅያኖስ ወለል ነው፤ ከባሕር በታች 2 ኪሎ ሜትር ጠልቆ መገኘት የሚገባው ሰንሰለት በእግር ይወጣል። በ1970 ዳን ማኬንዚና ባልደረቦቹ ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚከፈቱበትን መጠን አስልተው፣ ሁለቱ እንዲህ ከተከፈቱ የእኛ ስምጥ ሸለቆም የግድ እየሰፋ መሆን እንዳለበት አመለከቱ። ይሁን እንጂ አፋር ውስጥ ያለው ቅርፊት ምን ዓይነት ነው በሚለው ስምምነት አልነበረም። የተለጠጠና የሳሳ የአህጉር ቅርፊት ነው የሚሉ ነበሩ፤ የለም፣ ቀድሞውኑ ወደ ውቅያኖስነት ተለውጧል የሚሉም ነበሩ። የሁለቱ ቅልቅል ነው የሚለው ዛሬ ይበልጥ የሚደገፍ ይመስላል፤ ቦታ በቦታ ይለያያልና። ይህ ክርክር አሁንም ሕያው ነው።

ከዚያ መስከረም 1998 ዓ.ም. መጣ። በአፋር ዳባሁ አካባቢ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ በላይ መጠነኛ መንቀጥቀጦች ደረሱ፤ ምድር በ60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተሰነጠቀችና እስከ 8 ሜትር ተራራቀች። ከሥር የመጣ ቅልጥ አለት ስንጥቁ ውስጥ እንደ ሽብልቅ ገብቶ ሞላው። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እነ አታላይ አየለና ገዛኸኝ ይርጉ ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር በሳተላይት ምስል ለክተው እ.ኤ.አ. በ2006 ለዓለም አቀረቡት። ጉልህ ነገሩ ይህ ነው፦ በአፋር ንጣፎቹ የሚራራቁት በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 8 ሜትር ማለት የ400 ዓመት ያህል እንቅስቃሴ በአንድ ወር ውስጥ ተፈጸመ ማለት ነው። መከፈሉ በየዓመቱ እኩል እየተመጠነ አይሰጥም፤ ለዘመናት ይከማችና ባንዴ ይወጣል።

በዓለም ዜና "አፍሪካ ተከፈለች፣ አዲስ ባሕር ተወለደ" ተባለ። አዎ፣ መንገዱ ወደዚያው ነው። ግን ቆጠራው በሚሊዮን ዓመታት ስለሆነ ለዛሬው የባሕር በር ጉዳይ የሚሆን ነገር የለውም፤ ይህንን የምለው ጥያቄውን ከአንዴም ሁለቴ ከቁም ነገር ሰዎች ስለሰማሁት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ወደ "መቼ"። ከዳባሁ ታሪክ መልሱ ለምን እንደማይገኝ ይታያል። ገመድ ስትስብ እንደሚበጠስ ታውቃለህ፤ በየትኛው ስበት፣ በየትኛዋ ክር እንደሚጀምር አታውቅም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓርክፊልድ በምትባል ትንሽ ቦታ መንቀጥቀጥ በአማካይ በየ22 ዓመቱ ይመላለስ ነበር። ባለሙያዎች መሣሪያ ደርድረው እ.ኤ.አ. እስከ 1993 ይመጣል ብለው ጠበቁ፤ የመጣው በ2004 ነው። ቻይና በ1975 የሃይቼንግን መንቀጥቀጥ ቀድማ አውቃ ሕዝብ አስወጣች፤ የረዳት ቀድመው የደረሱ ትናንሽ ንቅናቄዎች መብዛታቸው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ታንግሻን ላይ እንዲህ ያለ ምልክት አልታየም፤ ከ240 ሺህ በላይ ሰው አለቀ። በጣሊያን ላኲላ በ2009 ከደረሰው በኋላ ስድስት ሳይንቲስቶች ሕዝቡን አላግባብ አረጋግተዋል ተብለው ተፈረደባቸው፤ በ2014 በይግባኝ ነጻ ወጡ። ስለዚህ በማኅበራዊ ሚዲያ ቀንና ሰዓት ቆርጦ የሚናገር ሰው ስታይ ከየትኛውም ታዛቢ ጣቢያ ያላገኘውን እየነገረህ ነው።

ሳይንሱ የሚሰጠው ሌላ ነገር አለ፤ እሱም ለኦሎምፒያ ነዋሪ ከቀኑ ይልቅ ይጠቅማል። ከሩቅ በሚመጣ መንቀጥቀጥ ፈጣኑ ንዝረት መንገድ ላይ ይደክምና ዝግ ያለው ይደርሳል። እያንዳንዱ ሕንፃ ደግሞ የራሱ መወዛወዣ ጊዜ አለው፤ በግምት ለእያንዳንዱ ፎቅ የሰከንድ አንድ አስረኛ። ባለ 10 ፎቁ በአንድ ሰከንድ ገደማ አንዴ ሄዶ ይመለሳል። ዝግተኛው ሞገድ ከዚህ ጋር ሲገጥም ሕንፃው ዥዋዥዌ እንደሚገፋ ልጅ እየጨመረ ይሄዳል። ምድር ቤት ቡና የያዘው ሰው ምንም ሳይሰማው ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ያለው መብራት ሲወዛወዝ ያየው ለዚህ ነው። መወዛወዝ ብቻውን የጉድለት ምልክት አይደለም፤ በአግባቡ የተሠራ ፎቅ ይወዛወዛል፣ ይመለሳል። ጥያቄው ምሰሶና አግዳሚ የሚገናኙበት ቦታ ብረቱ በበቂ ታስሯል ወይ፣ ኮንክሪቱ የተባለውን ጥንካሬ ይዟል ወይ፣ ለሱቅ ተብሎ ክፍት የተተወው ምድር ቤት የላዩን ይሸከማል ወይ የሚል ነው። ሀገሪቱ የመንቀጥቀጥ የሕንፃ ደንብ አላት፤ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው በ2015 ተሻሽሏል። ደንቡን ከወረቀት ወደ ብረት ማሰሪያው የሚያደርሰው ተቆጣጣሪ ነው፤ ከፍርሃቱ ሁሉ ቁጥጥሩ ይጎድል ይሆን የሚለው ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ ከዚያ በፊት ሲፈነዳ ያየና የመዘገበ ሰው አልነበረም፤ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ህንድ ደረሰ። ከአዋሽ ፈንታሌ እስከ ሃይሊ ጉቢ ያለው ሁሉ በአንድ ስፌት ላይ ነው። ይህ ስፌት በእኛ በኩል፣ በዋናው ስምጥ ሸለቆ፣ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይላቀቃል። አዲስ አበባ በምዕራብ ዳርቻው ላይ ስትሆን ሐረር ከማዶ ናት። የጉዋን ጣቢያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሁለቱ ከተሞች አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ተራርቀዋል።