በአቃቂ ደለል ውስጥ ማን ይኖራል?

አቃቂ ቃሊቲ ላይ ድልድይ ተሻግሮ የሚያልፍ ሰው ስለ ወንዙ ለማወቅ ሽታው ይበቃዋል። ትንሹና ትልቁ አቃቂ የአዲስ አበባን የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ። በመንገዳቸው ሰላጣ፣ ጎመንና ቆስጣ ያጠጣሉ። ወንዙ እያገገመ ነው ወይስ እየባሰበት የሚለው ክርክር ለዓመታት ዘልቋል። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ከሚፈሰው ውኃ ነው፤ ዛሬ በጠርሙስ የተቀዳው ውኃ የትናንቱን አይናገርም። ከሥር ያለው ደለል ይናገራል፤ የሚናገረውም በነዋሪዎቹ በኩል ነው።

ፍሳሽ የሚበዛባቸው ወንዞች ሁነኛ ነዋሪ ቱቢፌክስ የሚባለው ቀጭን ቀይ ትል ነው። ጭንቅላቱን ጭቃ ውስጥ ቀብሮ ይበላል፣ ጅራቱን ወደ ውኃው አውጥቶ እያወዛወዘ ይተነፍሳል። ኦክስጅን ባነሰ ቁጥር ጅራቱን አስረዝሞ ያወጣል። ቀይ ያደረገው ሄሞግሎቢን ነው፤ በእርሱ አማካይነት ሌላው ታፍኖ በሚሞትበት ቦታ ጥቂቷን ኦክስጅን ይሻማል።

ስለዚህ ትል በዛ ማለት ወንዙ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ንጹሕ ውኃ የሚወዱ የነፍሳት እጮች ጠፍተው ቀይ ትል ብቻ ከተርመሰመሰ፣ የበረታው የመጸዳጃና የቤት ፍሳሽ ነው። እርሱም ከጠፋ ነገሩ ይከፋል፤ መርዝ ወይም ፈጽሞ የኦክስጅን ማለቅ ይጠረጠራል።

ኦክስጅን ባለቀበት ጭቃ ባክቴሪያዎች የተበላሸ እንቁላል የሚሸት የድኝ ጋዝ ያመነጫሉ። ይኸው መርዛማ ጋዝ በውቅያኖስ ወለል ካሉ የፍል ውኃ ምንጮችም ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1977 ተመራማሪዎች በጋላፓጎስ አቅራቢያ 2,500 ሜትር ያህል ጠልቀው፣ በጋዙ ከሚጠቀሙ ባክቴሪያዎች ጋር ተዳብለው የሚኖሩ፣ አፍም አንጀትም የሌላቸው ግዙፍ ትሎች አገኙ። ጋዙ ባለበት ደለል ውስጥ በዓይን የማይታዩ ድቡልቡል ትሎችም ይኖራሉ። እነዚህ ፍጥረታት ከመርዙ ጋር የተላመዱት እጅግ ረጅም ዘመን ወስዶባቸው ነው። የአቃቂ ፍጥረታት ይህን ያህል ጊዜ አላገኙም፤ ከተማዋና ፋብሪካዎቿ የመጡባቸው ከአንድ ምዕተ ዓመት ተኩል ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው።

ጭቃውን የማንበብ ዕውቀት በአገር ውስጥ አለ። እዩዓለም አበበ የጣና ሐይቅን ድቡልቡል ትሎች ካጠኑት አንዱ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ ጨው አልባ ውኃ ድቡልቡል ትሎች ከታተመው መጽሐፍ አርታኢዎችም አንዱ ነው። አበበ በየነና ባልደረቦቹ ደግሞ በቀበናና በአቃቂ ወንዞች ላይ የሠሩትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተሙ። ብክለቱ እጅግ በከፋበት ቦታ ደረጃውን ለመለየት ዲያቶም የተባሉት ጥቃቅን ዋቅላሚዎች በዓይን ከሚታዩት የወንዝ ፍጥረታት የተሻሉ ሆነው ተገኙ።

ቃሊቲ ያለው የፍሳሽ ማጣሪያ ተስፋፍቶ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ የማጣራት አቅም እንዲኖረው ተደርጓል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ክሮሚየም እንደ ምግብ ትራፊ በስብሶ አይጠፋም፤ ደለል ውስጥ ይከማቻል፣ የክረምት ጎርፍ ሲመጣም ተነሥቶ ወደ አትክልት ማሳው ይሄዳል። የወንዙ ዳር ሲጸዳና ሲዋብ፣ በየዓመቱ ከበጋው መጨረሻ በፊት ከዚያው ቦታ ጭቃ እየተዛቀ ነዋሪዎቹ ቢቆጠሩ ለውጡ ከአቃቂ ገበሬ ማሳ በፊት ይታወቃል።