ሁለት ፈቃድ ለአንድ ገበያ፤ የአካዲው አገረ ገዥና የጠጉራም ቆዳ ነጋዴ ታሪክ

ነጋዴን ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ የመብቱ ወሰን በሚገባ ሳይለይ ሥራ መጀመሩ ነው። ለዚህም ሻርል ደ ላ ቱር የተባለው ፈረንሣዊ ነጋዴና አገረ ገዥ በሕይወቱ ያየው መከራ በቂ ምስክር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ላ ቱር ገና ወጣት ሳለ፣ በ1610 ገደማ፣ ከአባቱ ጋር ውቅያኖስ ተሻግሮ ዛሬ የካናዳ ክፍል ወደ ሆነችው ወደ አካዲ ደረሰ። በዚያም ሚክማቅ ከተባሉት የአገሩ ተወላጆች ጋር ተላምዶ፣ ከእነርሱም ወገን ሚስት አግብቶ፣ በጠጉራም ቆዳ ንግድ ተሰማራ። በዚያ ዘመን ቢቨር የተባለው የወንዝ እንስሳ ጠጉር በኤውሮፓ ለባርኔጣ መሥሪያ እጅግ ይፈለግ ነበርና፣ ነጋዴዎች ድስት፣ መጥረቢያና ጨርቅ እየሰጡ ቆዳውን ይለውጡ ነበር። በ1631 የፈረንሣይ ንጉሥ ላ ቱርን በአካዲ እንደራሴው አድርጎ ሾመው። በሴንት ጆን ወንዝ መግቢያ ላይም ምሽግና የንግድ ጣቢያ አቆመ።

ነገር ግን ዶልኔ የተባለ ሌላ ፈረንሣዊ ሹም በዚያው አገር ላይ ሥልጣን ነበረው። በ1638 ንጉሡ አገሩን ለሁለቱ ቢከፍለው፣ የላ ቱር ምሽግ በዶልኔ ክፍል፣ የዶልኔም ዋና ሰፈር በላ ቱር ክፍል ውስጥ ቀረ። ስለዚህ ጠቡ በመብረድ ፈንታ ባሰ።

በ1643 ዶልኔ ወደቡን በመርከብ ቢዘጋበት፣ ላ ቱር ሾልኮ ቦስተን ገባ፤ ምሽጉንም መያዣ አድርጎ ከከተማው ነጋዴዎች አራት መርከብ ተከራየ። በ1645 ግን እርሱ እንደገና ቦስተን ሳለ ዶልኔ ምሽጉን ወጋ። በኋላ ያገባት ሚስቱ ፍራንስዋዝ ማሪ ጥቂት ሰዎች ይዛ በብርቱ ተከላከለች፤ ነገር ግን ተማርካ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሞተች። እጃቸውን የሰጡት ወታደሮችም በስቅላት ተቀጡ።

አሸናፊውም ቢሆን አልተጠቀመም። በ1650 ታንኳው ተገልብጦ ሲሞት፣ ለ ቦርኝ የተባለው የላ ሮሼል አበዳሪ የ260,000 ሊቭር ዕዳ ጠየቀ። ላ ቱር ወደ ፈረንሣይ ሄዶ ከክሱ ነጻ ወጣና በ1651 አገረ ገዥነቱ ጸናለት፤ በ1653ም የጠላቱን ባልቴት አግብቶ ሁለቱ ቤቶች ታረቁ። ይሁን እንጂ በ1654 እንግሊዞች አገሩን ያዙ፤ እርሱንም ወደ እንግሊዝ ወሰዱት። በ1656 መብቱን ለቶማስ ቴምፕልና ለዊልያም ክራውን ሲሸጥ፣ ገዢዎቹ በቦስተን ለአበዳሪው ለጊበንስ ባልቴት የሚከፈለውን የ3,379 ፓውንድ ዕዳ ተረከቡ። ምሽጉ ከተወሰደ አሥራ አንድ ዓመት ቢያልፈውም፣ ዕዳው ግን እንዳለ ነበር።

የብቸኛ ወኪልነት ውል የሚፈራረም ነጋዴ፣ ክልሉ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ መጋዘኑም በማን ክልል እንደሚገኝ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባዋል። አበዳሪም መያዣው በማን እጅ እንዳለ ይመርምር። አለዚያ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆኖ ይቀራል።