የዶክተር ቻርልስ ድሩ ሞትና የጥቁር አሜሪካውያን ሐኪሞች ሸክም

አንድ አፈ ታሪክ ሐሰት መሆኑ ሲታወቅ ብዙዎች ከዚያ በኋላ ነገሩን መመርመር የማያስፈልግ ይመስላቸዋል። የሕዝብን ወግና ልማድ ለሚያጠና ሰው ግን ሥራው የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ሕዝቡ ነገሩን አምኖ የተቀበለው ለምንድን ነው? አፈ ታሪኩስ የገለጠውና የሸፈነው ምንድን ነው? ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋልና። በዚህ አጭር ጽሑፍ ስለ ጥቁር አሜሪካዊው ሐኪም ስለ ዶክተር ቻርልስ ድሩ አሟሟት የሚነገረውን እንመረምራለን። ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ዶክተር ድሩ በ1904 በዋሽንግተን ከተማ ተወለዱ። ሕክምናን በካናዳ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1933 ተመረቁ፤ በ1940ም ደምን ስለ ማቆየት ባቀረቡት የምርምር ጽሑፍ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበሉ። በዚያው ዓመት በጦርነት ላይ ለነበረው ለእንግሊዝ ሕዝብ ፕላዝማ የሚሰበሰብበትን ሥራ መሩ። የአሜሪካ ቀይ መስቀል ግን በመጀመሪያ የጥቁሮችን ደም አልቀበልም አለ፤ ከ1942 ጀምሮም እየተቀበለ ከነጮች ደም ለይቶ ያስቀምጥ ነበር። ይህ በሳይንስ መሠረት የሌለው መሆኑን ዶክተር ድሩ በግልጽ ተናግረዋል።

አፈ ታሪኩ እንዲህ ይላል፤ ዶክተር ድሩ በ1950 በሰሜን ካሮላይና በመኪና አደጋ በቈሰሉ ጊዜ የነጮች ሆስፒታል ስለ ጥቁረታቸው መለሳቸው፤ ደምን ማቆየት ያስተማሩት ሰው ደም አጥተው ሞቱ። ይህን ጽሑፍ የሚያቀርበው ሰውም በውጭ አገር ተማሪ ሳለ ይህንኑ ሰምቶ ለጓደኞቹ ደጋግሞ ተርኮታል። ነገሩ ግን እውነት አይደለም። በአቅራቢያው የነበረው ሆስፒታል ተቀብሏቸዋል፤ ነጮቹ ሐኪሞችም የሚቻላቸውን ሁሉ አድርገዋል፤ ለዚህም አብረዋቸው ከተጓዙት ጥቁር ሐኪሞች መካከል የመሰከረ አለ። ጉዳታቸው የሚድን አልነበረም።

ሆኖም አፈ ታሪኩ እንዲያው ከምንም አልተነሣም። በዚያው ዓመት መጨረሻ፥ በዚያው አካባቢ በመኪና አደጋ የቈሰለ አንድ ጥቁር ተማሪ ለጥቁሮች የተመደበው አልጋ ሞልቷል ተብሎ ከአንድ ትልቅ ሆስፒታል ከተመለሰ በኋላ ሞቷል። እንዲህ ያለው በደል በደቡቡ ክፍል የታወቀ ስለ ነበረ፥ ሕዝቡ የብዙዎችን ሞት በአንድ ታላቅ ሰው ስም ሰብስቦ ተረከው።

ታዲያ ዶክተር ድሩን ለሞት ያበቃቸው ምንድን ነው? በማርች 31 ቀን ቀዶ ሕክምና ሲያደርጉ ውለው፥ ምሽቱንም በተማሪዎች ስብሰባ ላይ አሳልፈው፥ ጥቂት ብቻ ተኝተው በሌሊት ከዋሽንግተን ተነሡ። የሚሄዱት በአላባማ በቱስኪጊ በየዓመቱ በነጻ ወደሚሰጠው ሕክምና ነበር። በመኪና መሄድን የመረጡት ገንዘብ ያልነበራቸው ወጣት ሐኪሞች አብረዋቸው እንዲሄዱ ነው። በደቡቡ መንገድ ጥቁር መንገደኛ ማደሪያ በቀላሉ አያገኝም ነበር። በማግስቱ ጧት መሪ እንደ ያዙ እንቅልፍ ጣላቸው፤ መኪናውም ተገለበጠ። ዕድሜያቸው 45 ዓመት ነበር።

ይህ ድካም የአንድ ሰው ጠባይ ያመጣው ብቻ አልነበረም። በ1910 ስለ ሕክምና ትምህርት ቤቶች የፍሌክስነር ሪፖርት ከወጣ በኋላ፥ ከሰባቱ የጥቁሮች ትምህርት ቤቶች አምስቱ እስከ 1923 ተዘጉ፤ የቀሩት ሐዋርድና ሜሐሪ ብቻ ናቸው። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር የአገር ቅርንጫፎችም ብዙዎቹ ጥቁር ሐኪም አይቀበሉም ነበርና፥ ጥቁሮቹ በ1895 የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ነባሩ ማኅበር ስለዚህ በደል በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2008 ነው። ስለዚህ በሐዋርድ የቀዶ ሕክምና ክፍልን ይመሩ የነበሩት ዶክተር ድሩ ሕመምተኛ ያክማሉ፤ ሌላ የሚያስተምራቸው የሌላቸውን ወጣቶች ያስተምራሉ፤ በ1947ም እንዳደረጉት ስለ ወገኖቻቸው የአቤቱታ ደብዳቤ ይጽፋሉ። ነጭ ባልደረባቸው ይህ ሁሉ ሸክም አልነበረበትም።

በዚሁ በሐዋርድ ሕክምና የተማሩት የእኛው ዶክተር መላኩ በያንም፥ ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ሙያቸውን ትተው በአሜሪካ ጥቁሮች መካከል ስለ ኢትዮጵያ ሲደክሙ በ1940 በ40 ዓመታቸው ዐረፉ።

ሸክሙ ዛሬም አልቀረም። ጥቁሮች ከአሜሪካ ሕዝብ ከመቶ 13 ያህል ሲሆኑ ከሐኪሞቹ ግን ከመቶ 6 ያህል ብቻ ናቸው። በየኮሚቴው ወገናቸውን እንዲወክሉ፥ ወጣቶችን እንዲመክሩ፥ ስለ ዘር አድልዎ እንዲያስረዱ የሚጠሩት እነዚሁ ጥቂቶች ሲሆኑ፥ ሥራው ለማዕርግ ዕድገት እምብዛም አይቈጠርላቸውም። ተመራማሪዎች ይህን «የአናሳዎች ግብር» ብለውታል።

አፈ ታሪኩ በደሉን በአንድ ቀንና በአንድ ደጃፍ ላይ አስቀመጠው፤ ስለዚህም በየቀኑ የሚደርሰውን መድከም ሸፈነው፤ የረዱትንም ሐኪሞች ያለ በደላቸው ከሰሰ። በውጭ አገር የሚሠሩትን ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ታሪክ ለመሰብሰብ የሚያስቡ ተማሪዎቻችን ከዚህ አንድ ነገር ሊማሩ ይችላሉ። «ማን መለሰህ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን «ከሥራህ በኋላ የሚቀርህን ሰዓት ለማን ሰጠኸው?» የሚለውም ጥያቄ ሊረሳ አይገባውም።