ምርት ሲትረፈረፍ ገበሬው ለምን ይከስራል?

ዘንድሮ ይህን ያህል ሚሊዮን ኩንታል ተመረተ የሚል ዜና በየዓመቱ እንሰማለን። ደስ ይላል። ግን ምርት መጨመር ብቻውን ገበሬውን አይጠቅመውም። እንዴት? እንየው።

በ1994 ዓ.ም. የሆነው ጥሩ ማሳያ ነው። ሁለት ዓመት ተከታትሎ ጥሩ ዝናብ ዘንቦ፣ በምርጥ ዘርና በማዳበሪያ የተመረተው በቆሎ ገበያውን ሞላው። ዋጋው ግን ወደቀ። በቆሎ ረከሰ ተብሎ ሰው እጥፍ አይበላማ! ገበሬውም ዋጋ እስኪጨምር መጠበቅ አልቻለም። የማዳበሪያ ዕዳው የሚከፈለው አዝመራው እንደተሰበሰበ ነው፤ ጎተራ ቢያስገባው ደግሞ ነቀዝ አለ። ስለዚህ ሁሉም ባንዴ ለመሸጥ ወጣ።

ብዙዎች ወጪያቸውን እንኳ አልመለሱም። በቀጣዩ ክረምት የሚገዙትን ማዳበሪያ ቀነሱ። በዚያ ላይ ድርቅ መጣ። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሲከፈት አንዱ ዓላማ እንዲህ ያለውን ችግር መፍታት ነበር። ይበልጥ የሚታወቀው ግን በቡናና በሰሊጥ ነው።

እናም የኩንታሉን ቁጥር ስንሰማ ሁለት ጥያቄ እንጨምር፦ ገበሬው ስንት ሸጠው? ማዳበሪያውንስ ስንት ገዛው? ካላዋጣው በሚቀጥለው ዓመት ቀንሶ ነው የሚያመርተው። ያኔ ውድ የምንገዛው እኛው ነን።

እናንተ አካባቢ አንድ ኩንታል በቆሎ ስንት ገባ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።