የደንገጎ መንገድ፦ ከሳቢያን እስከ ሐረማያ ዳርቻ

የደንገጎ መንገድ ድሬዳዋን ከሐረር የሚያገናኝ፣ ርዝመቱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ አስፋልት ነው። ባሕር ለሌለው አገር ሰው የውኃ ዳር ሽርሽር ማለት ሐይቅ ዳር ሽርሽር ነው፤ ከድሬዳዋው ሳቢያን ሰፈር ተነስቶ ከተማዋን አቋርጦ የመንገዱን ዳገት የወጣ መንገደኛም ከአንድ ሰዓት ጥቂት ከፍ ባለ ጊዜ ውስጥ ሐረማያ ሐይቅ ይደርሳል።

የድሬዳዋ መመሥረት ራሱ ከዚህ ዳገት ጋር የተያያዘ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ በመጀመሪያ የታሰበው ለሐረር ነበር። ተራራውን መውጣት ከባድና ውድ ሆኖ በመገኘቱ ሐዲዱ ከግርጌው ቀረ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ሜዳም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ። ባቡሩ ያልወጣውን ዳገት ዛሬ መኪና ይወጣዋል።

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ የዳገቱ አናት ደንገጎ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ይህ ሁሉ ከፍታ የሚሸፈነው በ20 ኪሎ ሜትር አካባቢ መንገድ ስለሆነ ጥምዝምዙ ብዙ ነው። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ግራሩ እየሳሳ በጫትና በማሽላ የተሸፈነ እርከን ይተካዋል፤ የመኪናውን መስኮት ከፍቶ የነበረው ተሳፋሪም አየሩ ሲቀዘቅዝ ይዘጋዋል። ቁልቁል ሲወረድ ልምድ ያለው ሹፌር በከባድ ማርሽ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝለት ያደርጋል። ፍሬኑን ብቻ ከረገጠ ግን የፍሬኑ ሸራ ግሎ ሽታው መኪናው ውስጥ ድረስ ይገባል፤ አንዳንዴም ፍሬኑ እምቢ ይላል።

ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የቀኙ በቁልቢ ገብርኤል በኩል ወደ ጭሮና አዲስ አበባ ያመራል፤ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 በተሳላሚ ይጨናነቃል። የግራው በአዴሌ አልፎ ወደ ሐረማያ ይዘልቃል።

«ሀረ» በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው። ሐረማያ በስሙ ከሚጠራው ከተማ አጠገብ የተኛ ጥልቀቱ አነስተኛ ሐይቅ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት ሐረር የምትጠጣው ከእሱ ነበር። ገበሬው ደግሞ ዳርቻው ላይ ሞተር ፓምፕ ተክሎ ጫትና አትክልት ያጠጣበታል፤ ውኃው ሲሸሽ ቱቦ ይቀጥላል። ከተራቆተው ኮረብታ በጎርፍ የሚወርደው አፈርም ወለሉን ሞላው። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሐይቁ ጨርሶ ደረቀ፤ ጀልባ ይሄድበት የነበረው ላይ ከብት ተሰማራ። በ2010ዎቹ መጀመሪያ ውኃው ተመልሶ ተኛ፤ ወፎቹም ጎብኚዎቹም ተመለሱ። ዳርቻው ግን እንደ ዝናቡና እንደ ፓምፑ ብዛት ይሰፋል፣ ይጠባል፤ በአንድ ዓመት መኪና የቆመበት ቦታ በሌላው ዓመት ውኃ ሊሆን ይችላል።

ከሐይቁ ብዙ ሳይርቅ፣ ከድሬዳዋ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ይገኛል። በ1940ዎቹ በእርሻ ኮሌጅነት ሲቋቋም የአሜሪካው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እገዛ አድርጎለታል። ቀጥሎ የጫት ገበያዋ አወዳይ አለች፤ እዚያ መንገዱን የጫት እስር በሚጭኑ መኪኖችና በገበያተኛ መካከል በዝግታ ማለፍ ግድ ነው።

መንገዱ የሚያበቃው በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበችው ሐረር፣ ከጀጎል ግንብ አጠገብ ነው። ሐይቁ ሲደርቅ ሐረር ውኃ የፈለገችው ከታች፣ ከድሬዳዋ ቆላ ነበር። በደጋው ዘንቦ በድንጋይ ንብርብሩ የሚሰርገው ውኃ እታች ይከማቻል፤ ድሬዳዋ የሳቢያን ጉድጓዶችን የምትጠቀመው በዚሁ ምክንያት ነው። ለሐረር የተመረጠው በዚሁ ቆላ፣ በሀሰሊሶ የሚገኘው የከርሰ ምድር ውኃ ሲሆን፣ በፓምፕ እየተገፋ ያንኑ ተራራ ይወጣል።