ሳጥኑ ከመከፈቱ በፊት

ጅማ ውስጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በር ላይ ያለ የማስታወቂያ ሰሌዳ አንባቢ አያጣም። ክረምት ሲገባ ወረቀቱ ርሶ ቢያብጥም ብረታ ብረት ነጋዴው፣ የጽሕፈት መሣሪያ አቅራቢው፣ በማኅበር የተደራጁት ግንበኞች ቆም ብለው ያነቡታል፤ አንዱ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ለሸሪኩ ይልካል። አርእስቱ አንዳንዱ ላይ «ቤክሲሳ ጫልባሲ»፣ ሌላው ላይ «የጨረታ ማስታወቂያ» ነው። የዞኑ፣ የከተማውና የወረዳው መሥሪያ ቤቶች የሚገዙት በኦሮሚያ ክልል ሕግ ነው፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋም አፋን ኦሮሞ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ግን የፌዴራል ተቋም ስለሆነ የተማሪዎቹን ጤፍና በርበሬ፣ የሆስፒታሉን አልጋ የሚገዛው በፌዴራሉ አዋጅ ነው። አንድ ከተማ ላይ ሁለት የግዥ ሕግ ይሠራል ማለት ነው። አቅራቢው ሁለቱንም ማወቅ አለበት።

የፌዴራሉ ሕግ በሃያ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተጽፏል። በ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 430 ወጣ፤ በ2001 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 649 ተተካ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1333 መጣ። መሠረቱ ግን ያው ነው፤ የመንግሥት ገንዘብ የሚወጣበት ግዥ ለሁሉም መታወቅ አለበት፣ መደበኛው መንገድም ግልጽ ጨረታ ነው። ለዚህም ነው በ1933 ዓ.ም. የተመሠረተው አዲስ ዘመን ጋዜጣ ውስጥ ዜናውን ዘልለው በቀጥታ ጨረታ ወዳለበት ገጽ የሚሄዱ አንባቢዎች የበዙት።

ማስታወቂያው ራሱ ደረቅ ጽሑፍ ነው፤ ቢሆንም እያንዳንዱ መስመር ምክንያት አለው። የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የአቅራቢነት ምዝገባ፣ የግብር ክሊራንስ ይጠየቃል። የጨረታ ሰነዱ የማይመለስ ገንዘብ ተከፍሎበት ይወሰዳል። ተሞልቶም ኦሪጅናሉና ኮፒው ለየብቻው በሰም ታሽጎ፣ ለምሳሌ እስከ ጠዋቱ 4፡00 ሰዓት ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ 4፡30 ላይ ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት ይከፈታል። መጨረሻ ላይ የማትቀር አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ መሥሪያ ቤቱ ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው ትላለች። ብዙ ነጋዴ ይህችን መስመር ሲያነብ ፈገግ ይላል፤ ምን እንዳሰበ መገመት አያቅትም።

ከሁሉም ብልኀት ያለው ተጫራቹ ቃሉን እንዲጠብቅ የሚያስይዘው የጨረታ ማስከበሪያ ነው። በ2002ቱ የፌዴራል የግዥ መመሪያ መሠረት ማስከበሪያው ከግዥው ግምት ከ0.5 እስከ 2 በመቶ ነበር። ማስታወቂያው ላይ የሚሰፍረው ግን የተቆረጠ የብር መጠን ነው። ምክንያቱም ተጫራቹ «ካቀረብከው ዋጋ 2 በመቶ አስይዝ» ቢባል ሲፒኦውን፣ ማለትም የባንክ ክፍያ ማዘዣውን፣ የሠራለት የባንክ ሠራተኛ በቀላል ስሌት ዋጋውን ያውቀው ነበር። አምስት ሚሊዮን ብር ለተገመተ ግዥ 2 በመቶው መቶ ሺህ ብር ነው። ይህ ገንዘብ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሲጠየቅ ለአጋሮና ለሊሙ ነጋዴ ከባድ ነው፤ ያኔ ጥሬ ገንዘቡ ያለው እሸት ቡና ላይ ነው። በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ማኅበራት ካደራጃቸው አካል የዋስትና ደብዳቤ እንዲያቀርቡ የተፈቀደውም ለዚህ ዓይነቱ ችግር ነው።

ግዥ ሁሉ ግን በግልጽ ጨረታ አይካሄድም። ውስን ጨረታ አለ፤ ለትንንሽ ግዥ የዋጋ ማቅረቢያ፣ ሕዝቡ «ፕሮፎርማ» የሚለው አለ፤ ቀጥታ ግዥም አለ። ለምሳሌ የቡና በሽታ የሚቋቋሙት 74110 እና 74112 ዝርያዎች ንጹሕ ዘር የሚፈለገው መልኮ ካለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ብቻ ከሆነ፣ ሌላ ሻጭ ፍለጋ ጋዜጣ ላይ መጮኽ ትርጉም የለውም። ፕሮፎርማ ላይ ያለውን ጉድ ግን አገር ያውቀዋል። ከሦስት አቅራቢዎች መምጣት ያለበት የዋጋ ወረቀት አንዳንዴ በአንድ ሰው እጅ ይሰበሰባል፤ ሁለቱ አጃቢ ናቸው።

ወደ ዋናው ነገር ስንመጣ፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚተክለው ሳጥኑ ላይ ነው። የእኔ እምነት ግን ጨረታ በአብዛኛው የሚበላሸው ሳጥኑ ከመቀመጡ በፊት፣ ስፔሲፊኬሽኑ፣ ማለትም የሚገዛው ዕቃ ዝርዝር መግለጫ፣ ሲጻፍ ነው። አንድ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ለቡና ችግኝ ማፍያ የሚሆን ፕላስቲክ፣ ባለሙያዎቹ ፖሊቲን ቲዩብ የሚሉትን፣ ሊገዛ ነው እንበል። ሰነዱ «ጥቁር፣ ስፋቱ 12፣ ቁመቱ 25 ሴንቲ ሜትር» ብሎ ውፍረቱን ቢረሳ ምን ይሆናል? ግዥው በፍሬ ከሆነ አሸናፊው ገበያ ላይ ካለው ሁሉ ስሱን ያመጣል። ችግኙ ወደ ማሳ ሲጓጓዝ ፕላስቲኩ ይተረተርና አፈሩ ይፈስሳል። ግዥው በኪሎ ከሆነ ደግሞ ወፍራሙ ይመጣና ታስቦ ከነበረው ቁጥር ያነሰ ችግኝ ይፈላል። በሁለቱም መንገድ አቅራቢው አላጭበረበረም፤ የተጻፈለትን አቅርቧል። ውፍረቱ በማይክሮን፣ ከታች ውኃ የሚያሳልፈው ቀዳዳ በቁጥር ቢጻፍ ኖሮ ጭቅጭቅ ባልነበረ። አንድን ነጋዴ ለመጥቀም የሚጻፍ ስፔሲፊኬሽንም አለ። ሕጉ የንግድ ምልክት መጥራትን የሚከለክለው፣ ግድ ሲሆንም «ወይም ተመሳሳይ» የሚል እንዲጨመር የሚያዘው ለዚሁ ነው።

ጊዜው ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ጅማ ያን ጊዜ በዝናብ ውስጥ ናት። የግዥ ዕቅድ ጸድቆ፣ ሰነድ ተዘጋጅቶ፣ ማስታወቂያ ለ15 ተከታታይ ቀናት ቆይቶ፣ ግምገማው አልቆ ውል ሲፈረም ኅዳር ይደርሳል። የቡና ዘር ችግኝ ጣቢያ ላይ የሚዘራው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ችግኙ የሚተከለው ዝናቡ ሲረጋ ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው። ጨረታው አንድ ጊዜ ተሰርዞ እንደገና ከወጣ ፕላስቲኩ የሚደርሰው የዘር ወቅት ካለፈ በኋላ ነው። የትምህርት ቤት ግንባታም ቢሆን የሚጀመረው ዝናቡ ሲያባራ ነው፤ ያኔ ቡና ለቀማው የቀን ሠራተኛውን ወስዶታል፣ አይሱዙውም ቡና ጭኗል። ይህን ያላሰላ ተጫራች በዝቅተኛ ዋጋ አሸንፎ ሲቸገር ይታያል። መሥሪያ ቤቶችም ቢሆኑ አያርፉም፤ ሰኔ ሲገባ በጀት እንዳይመለስ ሲሉ በጥድፊያ ይገዛሉ።

የመክፈቻው ቀን በንጽጽር አጭር ነው። የተጫራቹ ስም፣ ዋጋው፣ ቅናሽ ካለ ቅናሹ፣ ማስከበሪያው ይነበባል፤ የተገኙት ይፈርማሉ። የስሌት ስሕተት ከተገኘ ነጠላ ዋጋው የበላይ ነው። አንዱን በ45 ብር ሒሳብ 1,000 ፍሬ አቀርባለሁ ያለ ሰው ድምሩን 54,000 ብሎ ቢጽፍ በ45,000 ይያዝለታል። በዚህ የከሰረም፣ በዚህ ያሸነፈም አለ። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ቴክኒኩን ያለፈውና ዋጋው የተሻለው የሚለየው። አሸናፊው የውሉን 10 በመቶ ማስከበሪያ አስይዞ ይፈርማል፤ እስከ 30 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ የሚወስድም ለዚያው የሚሆን ዋስትና ያቀርባል።

በ2014 ዓ.ም. በጥቂት የፌዴራል ተቋማት የተጀመረው የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሳጥኑንና ሰሙን እያስቀረ ነው። ጥቅሙ አያከራክርም፤ ከአጋሮ ተነስቶ ሰነድ ለመግዛት አዲስ አበባ መመላለስ ይቀራል፣ ማን መቼ ምን እንዳስገባ መዝገቡ ላይ ይቀመጣል። ውፍረቱን የረሳ ስፔሲፊኬሽን ግን በኮምፒውተርም ቢጫን ያው ውፍረቱን የረሳ ነው።

ስለዚህ ለጨረታ አዲስ የሆናችሁ፣ ዋጋ ከመሙላታችሁ በፊት ስፔሲፊኬሽኑን ሁለት ጊዜ አንብቡ፤ ያልገባችሁን ጊዜው ሳያልፍ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱ ለሌሎቹ ተጫራቾችም ይደርሳቸዋል። ከተሸነፋችሁም ምክንያቱን ጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 649 ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቤቱታ ማቅረቢያው ጊዜ ጉዳዩን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ 5 የሥራ ቀናት ነበር። አሁን እናንተ የምትጫረቱበት ሕግ ስንት ቀን እንደሚሰጥ ሰነዱ ላይ ፈልጉና ሳጥኑ ሳይከፈት እወቁት።