ፌንሲንግ ለመጀመር ላሰባችሁ፦ ከእጅ በፊት እግር

እዚህ አሜሪካ ልጆቻቸውን ፌንሲንግ (የሰይፍ ግጥሚያ ስፖርት) ለማስመዝገብ ወይም ራሳቸው ለመጀመር የሚያስቡ ወዳጆች ሲጠይቁኝ የምመልሰውን ዛሬ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው። ዋናው ምክሬ አንድ ነው፦ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የእግር ልምምድ አትናቁት።

ፌንሲንግ የርቀት ጨዋታ ነው። ፒስት የሚባለው መጫወቻው 14 ሜትር ርዝመት አለው፤ ስፋቱ ግን ከ2 ሜትር አይበልጥም። ወደ ጎን መሸሻ ስለሌለ ያላችሁ ምርጫ መግፋት ወይም ማፈግፈግ ነው። ተጋጣሚያችሁ ክንዱን ዘርግቶ፣ የፊት እግሩን አስፈንጥሮ ሲወረወር የሚደርስበት ልክ አለ። ከዚያ ልክ በግማሽ እርምጃ ከራቃችሁ ይስታችኋል፤ በሳተበት ቅጽበት ደግሞ ክንዱ ተዘርግቶ፣ ክብደቱ ወደ ፊት አጋድሎ ታገኙታላችሁ። ነጥብ የሚገኘው ያኔ ነው። አሠልጣኞች ጀማሪውን ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ እንዲቆም፣ እግሩን ሳያጣልፍ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዲራመድ ደጋግመው የሚያሠሩት ለዚህ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሰልችቶት ያቆማል። እባካችሁ እናንተ አታቁሙ።

የቱን መሣሪያ ልምረጥ? ሦስት ናቸው፦

🔹 ፎይል፦ ክብደቱ ከ500 ግራም በታች ነው። በጫፉ ብቻ ይወጋበታል፤ ነጥብ የሚያስገኘው ደረት፣ ሆድ፣ ጀርባና የመሳሰለው የላይኛው አካል ሲሆን ክንድና እግር አይቆጠሩም።

🔹 ኤፔ፦ ከበድ ይላል፤ እስከ 770 ግራም ይደርሳል። ከራስ እስከ እግር ጣት ሁሉም ቦታ ነጥብ ነው። ሁለታችሁ እኩል ከተነካካችሁ ለሁለታችሁም ይቆጠራል።

🔹 ሴበር፦ በጫፉም በስለቱም ይመታበታል። ከወገብ በላይ ያለው አካል፣ ራስና ክንድን ጨምሮ፣ ይቆጠራል። ከሦስቱ ፈጣኑ ይህ ነው።

በፎይልና በሴበር ሁለቱም እኩል ቢነካኩ ዳኛው ነጥቡን የሚሰጠው አስቀድሞ ማጥቃት ለጀመረው ነው። ተከላካዩ መክቶ ከመለሰ ግን ቅድሚያው ወደ እሱ ይዞራል። ይህን ሕግ ለመልመድ ጊዜ ይፈጃል፤ ስለዚህ ዘግይቶ ለሚጀምር ትልቅ ሰው ኤፔን እመክራለሁ። በአካባቢያችሁ ያለው ክለብ በፎይል የሚያስጀምር ከሆነም ሳታቅማሙ ግቡበት፤ መሠረቱ አንድ ነው።

አደገኛ ነው ወይ? ወላጆች ሁሌም የሚጠይቁት ይህን ነው። የመሣሪያው ጫፍ ደንዛዛ ነው፤ ብረቱም ሲነካ ይለመጣል። የፊት ማስክ፣ ወፍራም ጃኬት፣ ከሥሩ የሚለበስ የብብት መከላከያና ጓንት የግድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1982 ሮም ላይ የሶቪየቱ ቭላድሚር ስሚርኖቭ የተጋጣሚው ብረት ተሰብሮ ማስኩን በመብሳቱ ሕይወቱ አለፈ። ከዚያ ወዲህ የማስኩ፣ የልብሱና የብረቱ ጥንካሬ መስፈርት በጣም ጠብቋል። የእናንተ ድርሻ አንድ ነው፦ ማስክ ባላደረገ ሰው ላይ በጨዋታም ቢሆን መሣሪያ አታንሡ።

ወጪውስ? ገና ሳትጀምሩ ሙሉ ዕቃ አትግዙ። ብዙ ክለቦች ለጀማሪ ያውሳሉ። ረጅም የስፖርት ሱሪ፣ ቲሸርትና ሶሉ የማያዳልጥ ጫማ ለመጀመሪያው ቀን ይበቃል። ከወደዳችሁት መጀመሪያ የራሳችሁን ጓንት፣ ቀጥሎ በልካችሁ የሆነ ማስክ ግዙ።

«ይሄ የእኛ ስፖርት አይደለም» ለሚሉም መልስ አለኝ። በ1984 ኦሎምፒክ በሴበር ነሐስ ያገኘው ጥቁር አሜሪካዊ ፒተር ዌስትብሩክ በ1991 ኒውዮርክ ውስጥ አቅም ለሌላቸው ልጆች ማሠልጠኛ ከፈተ። በሪዮ ኦሎምፒክ በሂጃብ ተወዳድራ የቡድን ነሐስ ያገኘችው ኢብቲሃጅ መሐመድ እዚያ ሠልጥናለች። ግብፃዊው አላኤልዲን አቡልቃሲም በ2012 ለንደን ላይ በፎይል ብር ሲያገኝ ለአፍሪካ የመጀመሪያው የፌንሲንግ ሜዳሊያ ሆነ። በ2024 ፓሪስ ላይ ደግሞ ቱኒዚያዊው ፋሬስ ፈርጃኒ በሴበር ብር ወስዷል። በሩ ክፍት ነው።

ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ምሽት ክለቡ ሄዳችሁ ተመልከቱ። አሠልጣኙ ለጀማሪዎች ጊዜ ይሰጣል? የእግር ልምምድ በደንብ ያሠራል? የማስክ ሕግ ይከበራል? ሦስቱም ከተሟሉ የሙከራ ትምህርት ጠይቁ። ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ የማውቀውን ሁሉ በደስታ እመልሳለሁ።